አንድም ጤነኛ ወፍ የለም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስትሄዱ ከወደኋላችሁ «ሐኪመ አዕዋፍ!» የሚል ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ፣ ዞራችሁም አትዩ፤ የሚጠሩት እኔን ነው። የሚጠሩኝ የቅኔ ተማሪዎች ናቸው። የወፎች ሐኪም ማለታቸው ነው። ስሙ በግዕዝ ስለሆነ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ሹመት ይመስለዋል። እንዲያውም አንድ ቀን ምግብ ቤት ውስጥ አንድ እንግዳ ሰውዬ ጥሪውን ሰምቶ «ይቀመጡ ዶክተር» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እኔም ተቀመጥኩ። ሐፍረት የሚባለው ነገር እኔ ዘንድ ሲመጣ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል፤ ያን ቀንም የደረሰብኝ ምሳዬን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ታሪኩን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል። ሌላ ሰው ሲያወራው የሞተ ሰው ይጨምርበታል።

እኔ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ሥራዬ ደም በብርጭቆ ስላይድ ላይ መቀባት፣ ጊምሳ በሚባል ሐምራዊ ቀለም መንከር፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ወባ መፈለግ ነው። ችግሩ ደብረ ማርቆስ ደጋ ናት። ወባ ብርዱን ፈርታ ነው መሰል ከእኛ ጋር ብዙ አትውልም። ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ወርዶ ያደረ ሾፌር ወይም ለአጨዳ ቆላ ከርሞ የመጣ ጎልማሳ ካልተገኘ በቀር ቀኑን ሙሉ የማየው ጤነኛ ደም ነው። ጤነኛ ደም ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ይሰለቻል። ወባ ያገኘሁ ቀን ለባለቤቴ ለይታይሽ ሳልነግራት አላድርም። «ዛሬ አንዲት ቆንጆ ወባ አገኘሁ» ስላት «ሰውየውስ?» ትለኛለች። ሰውየውን ሁልጊዜ እረሳዋለሁ።

እንዲህ ባለ የወባ ረሃብ ላይ ሳለሁ ነው ዶክተር ሰላም ከአዲስ አበባ የመጣችው። የዱር ወፎችን ደም የምታጠና ተመራማሪ ናት። ወፎችም ለካ የራሳቸው ወባና ሌላ ሌላም የደም ጥገኛ ተውሳክ አላቸው። አገሩ እየሞቀ ሲሄድ ይህ የወፎች ጣጣ ከቆላ ወደ ደጋ እየወጣ ይሆን ወይ የሚለውን ማወቅ ትፈልጋለች። ለዚህም ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ደን መረጠች። አያያዙን አሳየችኝ፤ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ መረብ በሁለት እንጨት መሃል መዘርጋት፣ የተያዘችውን ወፍ ሳያስጨንቁ መፍታት፣ ከክንፏ ሥር ካለችው ደም ሥር በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ መውሰድ፣ መልቀቅ። ልትሄድ ስትል ታዲያ እንዲህ አለችኝ፤

«ወንድሜ፣ አንተ ሰብስብልኝ፣ ቀለም ንከርልኝ፣ ላክልኝ። ማንበቡን ለእኛ ተወው።»

ማንበቡን ለእኛ ተወው! ዕድሜውን ሙሉ ስላይድ ሲያነብ ለኖረ ሰው! በዚያ ላይ በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ይህም ለብቻው አንድ ጥፋት ሆኖ ታየኝ። ፈገግ ብዬ «እሺ ዶክተር» አልኳት። ሆዴ ግን እሺ አላለም።

ወደ ደኑ የሚያስገቡት የኔታ ናቸው። በደንቡ ከሄዳችሁ ፈቃድ ሰጪው የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ውበቴ ናቸው፤ አቶ ውበቴ ግን «የኔታ ምን አሉ?» ሳይሉ ማኅተም አይመቱም። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው። ወገባቸው ከዕድሜ ብዛት ጎብጧል፣ ድምፃቸው ግን እንደ ድሮው ነው። የሚያስተምሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው። የእሳቸው መምህርም የሚያስተምሩት እዚያው ሾላ ሥር ነበር። ዙሪያውን የተማሪዎቹ ጎጆዎች አሉ። ሾላው ሲያፈራ ርግብ የሚመስለው ዋኔ፣ ርግቡ፣ ድንቢጡ፣ ስሙን የማላውቀው ቀለማም ወፍ ሁሉ ይሰፍርበታል። ከላይ ወፎቹ፣ ከታች ተማሪዎቹ ይንጫጫሉ። የኔታ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል የትኛው ተማሪ እንደተሳሳተ ይሰማሉ።

«ትገድላቸዋለህ?» አሉኝ ነገሩን ሳስረዳቸው።

«ኧረ የለም የኔታ! አንዲት ጠብታ ደም ብቻ ወስጄ እለቃቸዋለሁ።»

«እንግዲያ ከዚሁ የያዝከውን እዚሁ ልቀቅ። ጎረቤቶቻችን ናቸው።»

ቃል ገባሁ፤ ቃሌንም ጠበቅሁ። አንዲትም ወፍ በእጄ አልሞተችም። ይህን ጎላ አድርጌ የምናገረው ከዚህ በኋላ በምነግራችሁ ነገር ውስጥ የሚያኮራ ሌላ ነገር ስለሌለ ነው።

ስላይዶቹን ጤና ጣቢያ ወስጄ ነከርኳቸው፣ አደረቅኋቸው፣ ሣጥን ውስጥ ደረደርኳቸው። እዚህ ላይ ሣጥኑን አሽጌ መላክ ነበረብኝ። እኔ ግን አንዷን ብቻ፣ ያውም ቀለሙ መያዙን ለማረጋገጥ ብቻ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባኋት።

ምን ልበላችሁ! የሰው ቀይ የደም ሕዋስ መሃሉ ንጹሕ ነው። እዚያ ንጹሕ ክብ ውስጥ ሐምራዊ ነገር ካያችሁ ወባ ነው። የሙያ ሕይወቴን በሙሉ የኖርኩት በዚህች አንድ እውነት ነው። አሁን ግን እያንዳንዱ ሕዋስ መሃሉ ላይ ደልደል ያለ ሐምራዊ ነገር ቁጭ ብሎበታል። አንዱ ሁለቱ አይደለም፣ ሁሉም። ስላይዱን ወደ ቀኝ ገፋሁት፣ ሁሉም። ወደ ግራ፣ ሁሉም። የድንቢጧን አውጥቼ የዋኔዋን አስገባሁ፣ ያው ነው። ሰው እንዲህ ያለ ደም ቢኖረው ወደ ላቦራቶሪ የሚመጣው በቃሬዛም አይደለም፤ ከነጭራሹ አይመጣም። እነዚህ ወፎች ግን ጠዋት ከመዳፌ ተነስተው እየዘፈኑ ሄደዋል። ይህ ብቻውን ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። አላጠራጠረኝም። «የደጋ ወፍ ጠንካራ ነው» ብዬ አለፍኩት።

የዋኔዋን ደም በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለዶክተር ሰላም ላክሁላት። ከሥሩም «ዶክተር፣ አንድም ጤነኛ ወፍ የለም» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር መልእክቴ ከስልኬ ሳይወጣ እየተሽከረከረ ቀረ። አስተዋይ ሰው ቢሆን መልስ እስኪመጣለት ይጠብቃል። እኔም ጠብቄያለሁ፤ እስከ ማግስቱ።

በማግስቱ ለየኔታ ነገርኳቸው።

«ሁሉም?» አሉ።

«ሁሉም፣ የኔታ።»

«ዋኔዋም?»

«ዋኔዋም።»

ቀና ብለው ሾላውን አዩ። «ደህና ትመስል ነበር እኮ» አሉ።

«በዓይን አይታይም የኔታ» አልኳቸው። ይህን ስል በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌው ሲያዝኑ ፊት ለፊት እያየሁ፣ እኔ የማውቀው እሳቸው የማያውቁት ነገር በመኖሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ ዛሬም ድረስ ፊቴን የምታቃጥለኝ ይህች ደስታ ናት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ውበቴ «እስቲ ለሕዝቡ ትንሽ ግንዛቤ ስጥልን» ብለው ማይክራፎኑን አስጨበጡኝ። እኔ ማይክራፎን ስይዝ ሌላ ሰው ነኝ። በሠርግ ላይ «የሙሽራው ጓደኛ አንድ ቃል» ሲባል ተነስቼ ወጡ እስኪቀዘቅዝ የተናገርኩበት ጊዜ አለ። ያን ቀንም ስለ ትንኝ፣ ስለ ደም፣ ስለ ጥገኛ ተውሳክ ተናገርኩ። ድምፄ ከደኑ ተመልሶ ሲመጣ የአንድ ትልቅ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ እኔው ራሴ በጥሞና አዳመጥኩት። ዶክተር ሰላም የወፍ ወባ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ አስረግጣ ነግራኝ ስለነበር እሱንም አልደበቅሁም። ግን እንዴት አድርጌ ተናገርኩት? «ወደ ሰው አይተላለፍም ይባላል» ብዬ። ይህችን «ይባላል» ምን እንዳመጣት አላውቅም። ለንግግር ማማሪያ ነው የጨመርኳት። ሕዝቡ ከዚያ ሁሉ ንግግሬ ይዞ የሄደው ግን እሷን ብቻ ነው።

በዚህ ብበቃም ደግ ነበር። እኔ ግን «ካላመናችሁ ኑና እዩ!» ብዬ ከጤና ጣቢያ ይዤው የመጣሁትን በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ አሮጌ ማይክሮስኮፕ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ሰው ጠበል እንደሚጠመቅ ተሰለፈ። እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ሐምራዊውን ነገር በየሕዋሱ መሃል ያገኘዋል፣ አማትቦ ያልፋል። አንድ አባት የሚያዩበትን ዓይን ጨፍነው፣ ሌላኛውን ከፍተው፣ እኔን እያዩ «አየሁት፣ አየሁት!» አሉ። የማያሳምን ማስረጃ ይዤ ቢሆን ኖሮ የሚከራከረኝ ሰው አገኝ ነበር። ማስረጃዬ ግን እንከን አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን የሴት ልጃችን ክርስትና ነበር። አማቴ እማማ ዘውዴ ለድግሱ ብለው ከሚኖሩባት ከአማኑኤል ከተማ ሁለት ዶሮ ይዘው መጡ፤ እጃቸው ላይ ያሳደጓቸው፣ የወፈሩ፣ የሚያብረቀርቁ ዶሮዎች። ይታይሽ ገና በጠዋት ሽንኩርቱን ከትፋ ማቁላላት ጀምራለች። እኔ ደግሞ መርፌዬን ይዤ ወደ ዶሮዎቹ ሄድኩ። ዶሮም ወፍ አይደለች? ደማቸውን አየሁት፤ ሁሉም ሕዋስ፣ መሃሉ ላይ፣ ሐምራዊ ነገር።

«እማማ» አልኳቸው በዝግታ፣ ክፉ ወሬ እንደሚያረዳ ሰው፣ «እነዚህም አለባቸው።»

«ምን አለባቸው?»

«የወፎቹ።»

እማማ ዘውዴ እኔን ያምናሉ። ይህ የሕይወቴ ትልቁ ሸክም ነው። ልጃቸውን ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ «የእኔ አማች እኮ ደም አይቶ ሆድ የሚያውቅ ነው» እያሉ ለአማኑኤል ሕዝብ ሲያወሩልኝ የኖሩ ሴት ናቸው። ሌላ አማት ብትሆን «ያሳደግኋትን ዶሮ አንተ ነህ የምታውቅልኝ?» ብላ ትገስጸኝና ነገሩ ጓዳ ውስጥ ያልቅ ነበር። እማማ ዘውዴ ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ተመስገን፣ ተመስገን! ምን ያህል ነፍስ አዳንህ ልጄ!» አሉኝ።

ዶሮዎቹን አርጄ ከጓሮ ከጌሾው ሥር ቀበርናቸው። ኖራ ነሰነስኩባቸው። እንቁላሉንም ለጥንቃቄ ከለከልኩ። የዶሮው ቁሌት በርበሬውን ጠጥቶ፣ ቅቤው ወጥቶ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶት ዶሮውን እየጠበቀ ነው፤ ዶሮው ኖራ ለብሷል። የክርስትና እንግዶቻችን የዶሮ ወጥ እያሸተቱ ሽሮ በሉ። ይታይሽ ሽሮውን እኔን እያየች ነበር የምትጨልፈው።

አማቴ ወደ አማኑኤል ሲመለሱ የሚኒባሱን ተሳፋሪ ሁሉ አስጠነቀቁ። አማኑኤል ሲደርሱ ገበያውን አስጠነቀቁ። ወሬው አማኑኤል አድሮ፣ ጎልብቶ፣ ሁለት ሰው ገድሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ስገባ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ «ሰምተሃል? አማኑኤል ላይ ክፉ የወፍ በሽታ ገብቷል አሉ!» አለችኝ። እኔም ክው ብዬ «እዚያም ደረሰ?» አልኳት። የራሴን ወሬ ሰምቼ የራሴን እጅ በሳሙና ታጠብኩ።

እስካሁን ስቃችሁ ከሆነ ሳቃችሁን እዚህ ላይ ያዝ አድርጉልኝ።

የቅኔ ተማሪ የሚኖረው በየደጃፉ ቆሞ በሚለምነው ቁራሽ ነው። የከተማው ሴት ሁሉ ከመሶቧ ላይ ለተማሪ የምትሰጠውን አስቀርታ ነው የምታጥፈው። ከዚያ እሑድ በኋላ ግን በሮች ይዘጉ ጀመር። «እናንተ ከነዚያ ወፎች ሥር አይደል የምታድሩት?» ይሏቸዋል። አንዳንዷ ቁራሹን በአጥር ላይ ወርውራ ትመለሳለች። ተማሪዎቹ ቁራሽ የሚይዙባቸውን አኩፋዳዎች ባዶአቸውን አንጠልጥለው ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ዞሬም በሌላ መንገድ ሄጃለሁ። ጥቂት ቆይቶ አንዳንዶቹ ጉንደ ወይን አካባቢ ወዳለ ሌላ መምህር ሄዱ። ሌሎቹን ወላጆቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። ጎጆዎቹ ወና ሆኑ። የኔታ ግን በልማዳቸው ጠዋት ጠዋት ከሾላው ሥር ወጥተው ይቀመጣሉ። የሚሰሙት የወፎቹን ጫጫታ ብቻ ሆነ።

ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሳምንቱን ምህላ ይያዛል፣ ከዚያ ሾላው ይቆረጣል ተባለ። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ቅርንጫፉ እንኳ በዋዛ የሚነካ አይደለም፤ ሐሳቡን ያቀረበው ሰውዬ ራሱ አማትቦ ነው የተናገረው። እኔ በባለሙያነት ተጠርቼ ከፊት ተቀምጫለሁ። ሰው ሁሉ የኔታን ያያል። የኔታ ከመቀመጫቸው ተነሡና፣

«ልጆቹ የሚመለሱ ከሆነ ይቆረጥ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይመለሳሉ አይደል፣ ልጄ? ወፎቹ ከሄዱ?»

«ሊያግዝ ይችላል» አልኩ። ስብሰባ ላይ የሚባል ነገር ነው። ወንበሬ ላይ ተመቻችቼም ተቀመጥኩ።

ምህላው ተጀመረ፣ አለቀ። ሾላው በሚቆረጥበት ሰኞ ጠዋት ልብሴን ስለብስ ስልኬ ተንቀጠቀጠች። ኔትወርክ ሌሊት መጥቶ ፎቶዬም ሄዷል ማለት ነው። የዶክተር ሰላም መልእክት ነው፤

«ወንድሜ፣ ፎቶው ደረሰኝ። አቀላለምህ ግሩም ነው! መሃል ላይ ያለው ሐምራዊ ነገር ግን ኒውክለሱ ነው። የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ሰው አይደለም፤ የጤነኛውም ወፍ፣ የዶሮውም፣ ሁሉም ኒውክለስ አላቸው። ሣጥኑን ላክልኝና ተውሳክ ካለ እኛ እንፈልጋለን። እስከዚያ ለማንም አትንገር፣ ሰው በከንቱ ይደናገጣል።»

ከመጨረሻው ላይ የምትስቅ ፊት ለጥፋበታለች።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ሳለን ይህንኑ ተምረነዋል። «የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ የለውም፣ የወፍ ግን አለው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዤ ሥራ ተቀጠርኩበት፣ ሁለተኛውን ግማሽ ፈተናው ላይ ትቼው ወጣሁ። ዋኔዋ ትዝ አለችኝ። የተማሪዎቹ አኩፋዳ ትዝ አለኝ። ቁሌቱ ትዝ አለኝ። ከዚያ ሾላው ትዝ አለኝና የግራ ጫማዬን በቀኝ እግሬ አድርጌ ሮጥኩ።

ስደርስ ገመዱ ታስሯል። መጋዝ የያዙ ሁለት ሰዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ዙሪያውን ሞልቷል፤ አማቴም ለምህላው ከአማኑኤል መጥተው ከሴቶቹ መሃል ናቸው። ወፎቹ ግርግሩ አስደንግጧቸው ከላይ ይዞራሉ። የኔታ ጀርባቸውን ለሾላው ሰጥተው ቆመዋል።

«ቆይ! ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞረ። እንግዲህ እውነቱን ልናገር ብዬ አይደል በተሳሳተ ጫማ የሮጥኩት? ከአፌ የወጣው ግን ምን መሰላችሁ?

«አዲስ መረጃ ደርሶናል! የወፎቹ ሁኔታ በእጅጉ ተሻሽሏል!»

እልልታው ደኑን ነቀነቀው። አቶ ውበቴ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ምህላችን ተሰማ!» አሉ። ገመዱ ተፈታ። ሰዎች አንገቴ ላይ ይስሙኛል፤ አንዲት እናት ነጠላዋን ላብ ጥረጊያ አድርጋ ግንባሬን አበሰችልኝ። እማማ ዘውዴ «የእኔ አማች ነው! የእኔ!» እያሉ ያለቅሳሉ። ሾላው ተረፈ። እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ዛሬ ስሜ ሌላ ነበር። ልተወውም ቆርጬ ነበር።

የኔታ ሰዉን እየገፉ መጡና ክንዴን ያዙኝ።

«ድነዋል ማለትህ ነው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ። እንግዲህ ልጆቹን ልጥራቸው። ግን እናቶቻቸው ይጠይቁኛል፤ በሽታው ቢመለስስ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

«አይመለስም ይበሏቸው።»

«አይመለስም? በምን አወቅህ?»

የተሳሳተውን ጫማዬን አየሁ። የኔታም ጠበቁኝ። ተማሪ ሲሳሳት እንዲህ ነው አሉ የሚያደርጉት፤ አያርሙትም፣ ይጠብቁታል። ክንዴን እንደያዙ ናቸው። የታመመ ወፍ ድኖ ዳግም ሊታመም እንደሚችል ማንም እናት ታውቃለች። በውሸት ዛፉ ይቆማል፣ ጎጆዎቹ ግን ወና ይቀራሉ። እሳቸው ከነጭራሹ ያልጠረጠሩኝ መሆናቸው ነው የባሰው።

«አልነበረም፣ የኔታ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ። «መጀመሪያውኑም በሽታ አልነበረም። ያየሁት የወፍ ደም ነው። የወፍ ደም እንዲሁ ነው የሚመስለው፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት።»

የኔታ እጃቸውን ከክንዴ ላይ ቀስ ብለው አነሱ። ሾላውን አዩ፣ ባዶዎቹን ጎጆዎች አዩ። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ።

«መጀመሪያ ለእኔ ለብቻዬ ነገርከኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቀጥለህ በማይክራፎን ተናገርክ። ይሄንንም በዚያው መንገድ ውሰደው።»

ማይክራፎኑን ያዝኩ። የዚያን ቀን ሌላ ሰው አልሆንኩም፤ እኔው ራሴ ነበርኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። ወፎቹ ጤነኞች እንደነበሩ፣ «ይባላል»ን ከኪሴ እንዳወጣኋት፣ ተማሪዎቹ ምንም እንዳልነበረባቸው፣ ማንበብ እንዳልታዘዝኩም ጭምር። ድምፄ ከደኑ ሲመለስ ያው የእኔ ቀጭን ድምፅ ነው። ስጨርስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ስጠብቅ ከሴቶቹ በኩል የእማማ ዘውዴ ድምፅ መጣ፤

«እንግዲያ ዶሮዎቼን ለምን ቀበርናቸው?»

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አላውቅም። መጋዝ የያዙት ሰዎች መሬት ላይ ተቀመጡ። አቶ ውበቴ ማኅተም የሚመቱበትን እጅ ሆዳቸው ላይ አድርገው ታጠፉ። የኔታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቅ ነበር። እማማ ዘውዴ ግን አልሳቁም፤ መልስ እየጠበቁ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት የሰው ሳቅ ያድናል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ እኔን ግን ያን ቀን ያቆመኝ እሱ ነው፣ ምንም እንኳ የሚሳቀው በእኔ ላይ ቢሆን።

የኔታ በዚህ አልለቀቁኝም። ጉንደ ወይን ላኩኝ። እዚያ ከሄዱት ተማሪዎች ፊት ቆሜ ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው ተናገርኩ። ስቀው ሲጨርሱ አንዱ በእኔ ላይ ቅኔ ዘረፈ፤ ሌሎቹ «ይደገም!» አሉ። ትርጉሙን አልጠየቅሁም። ቅኔውን የከፈተው በ«ሐኪመ አዕዋፍ» መሆኑን ግን ሰምቻለሁ። ተማሪዎቹ ስሙን ይዘው ተመለሱ። ከአንዲት ሴትዮ በር በቀር በሮችም ተከፈቱላቸው፤ እሷም በኋላ አፍራ ከፍታለች። ማፈር እንደሚቻል ከእኔ አይታ ይሆናል።

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሣጥኑን አሽጌ ከላክሁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዶክተር ሰላም ደወለችልኝ። ድምፏ ደስ ብሎታል። አንድ እውነተኛ ተውሳክ አግኝታለች። ከዋኔዋ ደም ውስጥ ነው። ለሰው ምንም አይደለም፣ ዋኔዎችም አብዛኛውን ጊዜ ሳይጎዱ አብረውት ይኖራሉ አለችኝ። «እንዲያውም መጀመሪያ በላክልኝ ፎቶ ላይ ከጥጉ በኩል ይታያል እኮ» አለች። ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን ተመለከትኩ። አዎ፣ ከጥጉ፣ አንዲት ሕዋስ ውስጥ፣ ኒውክለሱን አቅፋ የተኛች ቀጭን ነገር አለች። ሁሉንም ወፍ በሽተኛ ስል እውነተኛዋን በሽታ ሳላያት አልፌያታለሁ።

በቀደም በሾላው ሥር ሳልፍ የኔታ ተማሪዎቻቸውን ዝም አሰኝተው ጠሩኝ።

«ሐኪመ አዕዋፍ፣ ጎረቤቶቻችን እንዴት ናቸው?»

ቀና አልኩ። ዋኔዋ ቅርንጫፉ ላይ ናት፤ ትዘፍናለች። ያቺው ትሁን ሌላ አላውቅም።

«ደህና ናቸው፣ የኔታ» አልኳቸው።

እንግዲህ ምሥጢሬን እናንተ ጋ አኑሬያለሁ፤ አደራችሁን ከአማቴ ጆሮ እንዳይደርስ። ዛሬ ከአማኑኤል ዶሮ ይዘው እየመጡ ነው። ይታይሽም ሽንኩርቱን መክተፍ ጀምራለች።